የታንጉት መልክና የኮኪት ሰሊጥ

መስከረም 17፣ 2018

ታንጉትን ዛሬ ጧት ኮኪት መናኸሪያ ሸኘኋት። ጎንደር ያለችው እህቷ አሰበች ታማለች፤ ልታስታምማት ነው የሄደችው። አውቶብሱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል ተብሎ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ተነሣ። በሰዓቱ ቢነሣ ኖሮ ከዚህ በታች የምጽፈው ነገር አይፈጠርም ነበር።

ቆመን ስንጠብቅ "ከርሜ እስክመጣ መልኬ እንዳይጠፋህ" አለችኝ፤ እየሳቀች።

"ሰው ከሄደ በኋላ መልኩ የት ይታያል?" አልሁ።

"በዓይንህ ነዋ።"

"ዓይኔ አንችን የሚያየው ከፊቴ ስትሆኝ ነው።"

ሳቋን አቆመች። "የትናየትን ልወልድ እናቴ ቤት አራት ወር ስቀመጥ፣ አንድ ቀን እንኳ በዓይንህ አልዞርሁም?"

"እንዴት ትዞሪያለሽ? ጎንደር ነበርሽ።"

ከዚያ በኋላ የተናገረችው "ሻንጣውን አቀብለኝ" ብቻ ነው። በጣም ከባድ ሻንጣ ነበር፤ ለሁለት ሳምንት ያን ያህል ምን እንደያዘች አላውቅም። አውቶብሱ ሲነሣ እጇን በመስኮት አላወጣችም።

የተናገርሁትን ቃል በቃል ደግሜ መረመርሁት። አንድም ስህተት የለበትም።

መስከረም 19

ሁለት ጊዜ ደወልሁ። አታነሣም።

የሰሊጡ የታች ፍሬዎች ቢጫ ሆነዋል። ከሦስት ቀን በኋላ አጨዳ። ስልሳ ሄክታር ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየሁ ፍሬው አፉን ይከፍትና የዓመት ልፋቴ መሬት ላይ ይረግፋል። ዘንድሮ ከረገፈ ለሚቀጥለው ክረምት የማርስበት ገንዘብ አይኖረኝም፤ ይህን ለታንጉት አልነገርኋትም።

መስከረም 20

የትናየት ደወለች። ጎንደር ሳይኮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ታማሚዋ ይመስላታል።

"አባየ፣ እማየን ምን ብለሃት ነው? አክስቴን ታስታምማለች ስንል አክስቴ እሷን እያስታመመች ነው።"

ነገርኋት። "እስኪ ዓይንህን ጨፍን። ማንጎ አስብ" አለችኝ።

"አሰብሁ።"

"ቀለሙ ምንድን ነው?"

"የየትኛው ዝርያ?"

"አባየ፣ ያሰብኸው።"

"ያሰብሁት ማንጎ ነው። ዝርያው ሳይታወቅ ቀለም መናገር አይቻልም።"

"ማንጎው አይታይህም?"

"ዓይኔን ጨፍኛለሁ እኮ። አንች ይታይሻል?"

"አዎ። ቢጫ ነው፤ አንድ ጎኑ ቀላ ብሏል። ቅጠል አለው።"

"ቅጠል ጨምሪ ማን አለሽ?"

"ማንም አላለኝም። አብሮ መጣ።"

እንደ እሷ አነጋገር፣ አብዛኛው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሌለ ነገር ያያል። ከመቶ ጥቂት ሰዎች ብቻ እንደ እኔ ምንም አያዩም። በሽታ አይደለም፤ መድኃኒትም የለውም። ይህን የነገረችኝ በሐዘን ድምፅ ነው። ስልኩን ዘጋሁባት።

በኋላ፦ አልተኛሁም፤ ስለዚህ ልጻፈው። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ሰዎች "በዓይኔ ላይ ዞረ"፣ "ልክ አሁን የማየው ይመስለኛል" ሲሉ የአነጋገር ለዛ ይመስለኝ ነበር። "አንጀቴ ተቃጠለ" ሲሉ እሳት አይታይም፤ ይህንንም እንደዚያ ወሰድሁት። ለካስ የዓይን ምስክርነት እየሰጡ ነው። አገሩ ሁሉ በየራሱ ውስጥ ሲኒማ ቤት ከፍቶ ሲኖር አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም። አለማያ ስንማር መምህራችን "ዓይናችሁን ጨፍኑና የቅጠሉን ውስጥ ተመልከቱ" ሲሉን ሁሉም ይጨፍናል፤ እኔም ጨፍኜ እስኪያበቃ እጠብቃለሁ። እረፍት መስሎኝ።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ግብርና ቢሮ ገበሬ ሳሠለጥን "የወደፊት እርሻችሁን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ" እያልሁ ኖሬያለሁ፤ መመሪያው ላይ ስለነበረ። ዓይናቸውን የጨፈኑትን ደግሞ "አትተኙ" እያልሁ ተቆጥቻቸዋለሁ። የሽንፋውን ገበሬ ባየልኝን ከአዳራሽ አስወጥቼዋለሁ። እርሻውን እያየ ነበር ማለት ነው።

መስከረም 22

አጨዳ ተጀመረ። ሠላሳ ስምንት ሰው። አብዛኞቹ የጎጃም ደገኞች ናቸው፤ አለቃቸው፣ ካቧቸው፣ ባንተአምላክ ይባላል፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ነዶውን አቁመን የምናደርቅበትን ክምር፣ ሂላውን፣ በገመድ ለክቼ በመስመር አስቆምሁ። ሦስተኛው ጠምሞ ስለነበር አስፈረስሁት። ከኋላየ አንዱ "ሰሊጡ የሚደርቀው ሲሰለፍ ነው እንዴ?" ሲል ሰማሁ። አራተኛውን መለካት ቀጠልሁ።

መስከረም 24

ሸራ ልገዛ መተማ ዮሐንስ ወረድሁ። መኪናው ከድንበሩ እስከ መድኃኒት ቤቱ ድረስ ተሰልፏል። ባጃጁ ውስጥ ሙቀቱ ከባድ ነው።

ትራክተሩን የሚሠራልኝ አሚን ከሱዳን፣ ከወድ መደኒ፣ ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው ነው። ስመለስ ከሞተሩ ሥር ተኝቶ አገኘሁትና "የተውኸው ቤት ይታይሃል?" ብየ ጠየቅሁት።

ቁልፉ መዞሩን አቆመ። "በየቀኑ፣ ያ ፈረደ" አለኝ፤ ስሜን የሚጠራው እንደ አገሩ ልማድ "ያ" ብሎ ነው። "በሩ ሰማያዊ። የእናቴ አልጋ በረንዳው ላይ። አንሶላው ሳይጣጠፍ ነው የወጣነው። እሱ ነው የሚታየኝ። አንሶላው።"

"እኔ ምንም አይታየኝም" አልሁት። "የማንም ቤት። የማንም ሰው።"

"ወላሂ?" ከሥር ወጥቶ ትኩር ብሎ አየኝ። ፊቱ ዘይት ብቻ ነበር። "እንለዋወጥ። ትራክተሩን በነጻ እሠራልሃለሁ።"

አይቻልም አልሁት። እሱም እንደማይቻል ያውቃል፤ ግን መልሱን ጠብቆ ነበር። ትራክተሩ ተነሥቷል።

መስከረም 26

አንዲት ተማሪ በስልክ የነገረችኝን ይዤ የሃምሳ አራት ዓመት ሕይወት አልከልስም። ናሙና ያስፈልጋል። ቅጽ አዘጋጀሁ። "ቤትህን አስብ። ምን ያህል ይታይሃል? ዜሮ ማለት ምንም፤ አምስት ማለት ቆሞ እንደሚያይ ሰው።" መልሱ የይምሰል እንዳይሆን ማጣሪያ ጥያቄዎች ጨመርሁ። በሩ ላይ ማን ቆሟል? ምን ለብሷል? ልጁ በእጁ ምን ይዟል?

በምሳ እረፍት፣ በዳሱ ሥር፣ አንድ በአንድ።

መስከረም 27

ውጤት። ከሠላሳ ስምንት ሠራተኞች ሠላሳ ስምንቱም ያያሉ። አማካይ አራት ነጥብ ሁለት። ባንተአምላክ አምስት። "ሚስቴ ደጃፍ ቁማ ገብስ ታነፍሳለች" አለኝ፤ "አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳለች። ቀና ብላ አየችኝ ጋሼ። ምን ልበላት?"

"ምንም አትበላት። እዚህ የለችም።"

"እሱማ ነው ክፉው።"

አንድ ዜሮ ብቻ አገኘሁ፤ እሷም የካምፑ ወጥ ቤት አየሁሽ ናት። "ምን ሊታየኝ ነው? ሥራ አለብኝ" አለችኝ። በማጣሪያው አጥብቄ ስጠይቃት፣ "ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። መልኩ መጥቶልኝ አያውቅም። ሳሉ ግን አሁንም በኋላ በር በኩል ይሰማኛል" አለች። ዕድሜዋን ስላልጻፍሁ ተመልሼ ጠየቅኋት። "እሱም አይታየኝም" አለች።

በጣም ደስ አለኝ። ማታ ለታንጉት ልነግራት ደወልሁ። አታነሣም።

መስከረም 28

ሥራው ዘገየ። ማጭድ ይዘው ቆመው ወደ ምሥራቅ ያያሉ።

መስከረም 29

አሥራ አንድ ሰው ሌሊቱን ተነሥቶ ሄደ። ባንተአምላክን ምን ሆነው ነው አልሁት።

"ደኅና ነበሩ ጋሼ። እዚህ ስንወርድ ቤታችንን እዚያው ትተን ነው የምንወርደው። ካላስታወሱን ሁለት ወር ይገፋል። እርስዎ ግን ልጃችን በእጁ የያዘውን ሳይቀር ጠየቁን። የአንዱ ልጅ ዳቦ ይዞ ነበር። እንግዲህ ዳቦ የያዘ ልጅ አይቶ ማን ሰሊጥ ያጭዳል?"

አየሁሽ ድስቱን እያማሰለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለድስቱ፣ "ለሠላሳ ስምንት ሰው ነው ያቦካሁት" አለች። "እስኪ የተረፈውን ሊጥ ስለ ሚስቱ ይጠይቁት።"

ይህ ጥናታዊ አሠራር እንጂ ጥፋት አይደለም። ማጣሪያ ጥያቄዎቹ ግን በዝተው ሊሆን ይችላል።

ጥቅምት 1

አሥራ ሦስት ሰው ሄደ። ባንተአምላክም አንዱ ነው። ሲሰናበተኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው። "ከጠየቁኝ ቀን ጀምሮ ገብሱን ትታ እኔን ብቻ ታያለች" አለ።

የቀሩት አሥራ አራት ናቸው። ያልታጨደ ሃያ አራት ሄክታር። የታችኞቹ ፍሬዎች ጫፋቸው ላይ መሰንጠቅ ጀምረዋል።

ማታ ታንጉት ደወለች። ራሷ። ሥራ እንዴት ነው አለች። ደኅና ነው አልኋት። ከዚያ፦

"አልጋው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ምን አለ?"

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው። "የሠርጋችን ፎቶ። አርባ በሃምሳ። አንች ተቀምጠሽ እኔ ቆሜ። በውኃ ልክ የሰቀልሁት ስለሆነ አንድ ሚሊ ሜትር አልተዛነፈም።"

"የት ሆነህ ነው የምታወራኝ?"

"አልጋው ላይ።"

"ቀና በልና እየው።"

ቀና አልሁ። ሚስማር አለ። "ሚስማር አለ" አልኋት።

"ፎቶው እኔ ጋ ነው። መስከረም አሥራ ሰባት ይዤው ሄድሁ። አሥራ አራት ቀን ሙሉ ያንን ሚስማር ስታይ ከረምህ?"

ዘጋችው።

የሰጠሁት መረጃ ትክክል ነው፤ ጊዜ ብቻ አልፎበታል። ግድግዳው ላይ ፎቶው የነበረበት ቦታ ከሌላው ነጣ ብሏል። ለካሁት። አርባ አንድ በሃምሳ አንድ ነው። እሱንም ተሳስቻለሁ።

አንድ ነገር አልገባኝም። ፎቶውን ከቤት ያወጣችው መናኸሪያ ከመጣላታችን በፊት ነው። ለምን? ምናልባት መስተዋቱን ልታስቀይር ይሆናል።

ጥቅምት 2

የጎንደር መንገድ ተዘጋ ይላሉ። ከገንዳ ውኃ ወዲያ የሚያልፍ መኪና የለም። አዲስ ሠራተኛ ከየት ይመጣል?

ሚስማሩን ልነቅል አሰብሁ። ተውሁት።

ጥቅምት 3

ለታንጉት የማስተካከያ መልእክት ላክሁላት። "መልክሽ አይታየኝም" ማለት "አላውቅሽም" ማለት እንዳልሆነ በመረጃ ማስረዳት ያስፈልጋል። አሥራ አራት ነጥብ ነው። ቅጅውን እዚህ አኖራለሁ፤ ሁሉንም ሳይሆን ዋና ዋናውን።

1. ስትዋሽ የነጠላሽን ጫፍ ታጥፊያለሽ።

4. ወጥ ስትቀምሽ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። ጨው ካነሰው የግራውን ብቻ ትከፍቻለሽ።

7. ሳቅሽ የሚጀምረው በአፍንጫሽ ነው። ድምፁ የሚመጣው በኋላ ነው።

8. ደፍ ስትሻገሪ ግራ እግርሽን ታስቀድሚያለሽ፤ በ2009 ግንቦት ከባጃጅ ስትወርጅ ቀኝ ጉልበትሽ ስለተመታ።

11. ሬዲዮ ስትሰሚ ለዜና አንባቢው መልስ ትሰጭዋለሽ። አብዛኛውን ጊዜ የምትሰጭው መልስ ትክክል ነው።

14. ከመስከረም 17 ጀምሮ ለዜና አንባቢው የመለሰለት ሰው የለም።

ስልኩ መልእክቱን በአምስት ከፍሎ ላከው። የነጥቦቹ ተራ ተዘበራርቆ እንደደረሰ እገምታለሁ። ያናድዳል።

ጥቅምት 4

መልስ የለም። ኔትወርክ ይሆናል።

እኔም ማጭድ ያዝሁ። ወገቤ። ከዛሬ ጀምሮ በእርሻው ላይ ስለ ሚስት፣ ስለ ልጅና ስለ ገብስ ማውራት ክልክል ነው ብየ አወጅሁ። ወዲያው ዘፈን ጀመሩ። ዘፈኑ ስለምን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም።

ጥቅምት 6

የጠራ ሰማይ። ነፋስ። ከሁሉ የከፋው ነፋሱ ነው። ነዶ ሳነሣ እግሬ ሥር ሲረግፍ ይሰማኛል፤ እንደ ቀጭን ዝናብ ነው። በቀን ሄክታር ተኩል። ይህን ሒሳብ ከሰባት ጊዜ በላይ ሠርቼዋለሁ፤ መልሱ አይለወጥም።

ያን ቀን መናኸሪያው ላይ "አዎ፣ ትዞሪብኛለሽ" ብላት ኖሮስ? ውሸት ነው። ግን በትዳሩ ሃያ አራት ዓመት ያልዋሸ ሰው አንድ ቀን ቢዋሽ። እንጃ። እኔ ነጠላ የለኝም፤ ምን አጥፌ እዋሻለሁ?

ጥቅምት 8

በዝርዝር ልጽፈው ይገባል።

አራት ሰዓት ላይ አንድ አይሱዙ አቧራውን እያስነሣ ወደ እርሻው ገባ። ተሳስቶ የመጣ መስሎኝ ልመልሰው በማጭዴ ምልክት ሰጠሁት። ጋቢናው ውስጥ ታንጉት ተቀምጣለች። ከላይ አሥራ ዘጠኝ ሰው ተጭኗል፤ ባንተአምላክ ዳር ይዞ ቆሟል፤ ያላየኝ ለመምሰል ወደ ጎረቤት ማሽላ ያያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንዱ እዚያው ባንተአምላክን ሲጠብቁ መንገዱ ተዘጋና ሁሉም ገንዳ ውኃ መናኸሪያ ስድስት ቀን ተጥለው ከረሙ። ትናንት ሲከፈት የመጀመሪያው የጎንደር አውቶብስ ታንጉትን ይዞ ገባ። ከሠራተኞቹ አንዱ አወቃትና "እትየ፣ እርስዎ የፈረደ ባለቤት አይደሉም?" አላት። በአጨዳ ወቅት እዚህ ምን ትሠራላችሁ ብትል፣ ባለቤትዎ ስለ ሚስቶቻችን ጠይቀውን አሏት።

"ምን ብሎ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ምን እንደለበሱ።"

ባንተአምላክ እንደነገረኝ እዚያው ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ እስኪያልባት ሳቀች። ስትጨርስ ተነሥታ፣ "ሚስቶቻችሁ አይረግፉም። ሰሊጡ ይረግፋል። ሁለቱንም የምታገኙበትን መንገድ ምረጡ" አለቻቸው። አምስቱ ወደ ቤታቸው መሄድን መረጡ። አሥራ ዘጠኙ አይሱዙ ላይ ወጡ።

ከመኪናው ወረደችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ሸሚዜ ተቀድዶ ነበር።

"አሰበችስ?" አልሁ።

"ድናለች። መልእክትህን ጮክ ብላ ሦስት ጊዜ አነበበችልኝና፣ ሂጅልኝ ይህ ሰውየ ሳያብድ አይቀርም ብላ አስወጣችኝ።" ሻንጣዋን ከመኪናው አወረደች። "ስምንተኛው ስህተት ነው።"

"ጉልበቱ? ቀኝ ነው።"

"የራሴን ጉልበት ልታስተምረኝ ነው? ግራ ነው።"

ነጠላዋን አየሁት፤ አላጠፈችውም። ከልቧ ነው የምትናገረው ማለት ነው። ከዚያ ወደ ካምፑ ቤት ገባች። ደፉ ላይ ስትደርስ ግራ እግሯን አስቀደመች፤ በቀኙ ስትከተል ግድግዳውን ያዝ አደረገች። አየሁ። አላረምኋትም።

ባንተአምላክ ማጭዱን እየሳለ "ጋሼ፣ ዛሬ ጥያቄ አለ?" አለኝ።

"የለም" አልሁት።

ጥቅምት 15

ዛሬ የመጨረሻው ነዶ ታጨደ። ከነፋሱ በፊት ሙሉውን አላዳንነውም፤ ከሩብ ትንሽ ያነሰው ረግፏል። የቀረው ለሚቀጥለው ክረምት እርሻ ያበቃል። ለታንጉት ይህን ነገርኋት፤ ቀድሞ ያልነገርኋትንም ጨምሬ። "አውቄ ነበር" አለች። ነጠላዋን አጠፈች።

ቤት ስንገባ ከሻንጣዋ ፎቶውን አወጣች። ለምን ይዘሽው ሄድሽ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቀድማኝ "መጉደሉን ታይ እንደሆነ ላውቅ ነው" አለች።

"ዞር በል" አለችኝ። ፊቴን ወደ በሩ አዞርሁ። መዶሻ ሳይሆን የወንበር ድምፅ ሰማሁ፤ ሚስማሩ ስለነበረ።

"ዓይንህን ጨፍን። ምን ይታይሃል?"

እንግዲህ ይህ ፈተና ነው። የሚጠበቀውን መልስ አውቀዋለሁ።

"ምንም" አልሁ።

ራሴን ረገምሁ። ከዚያ ከኋላየ አንድ ነገር ሰማሁ።

"አሁን ግን እየሳቅሽ ነው።"

"በምን አወቅህ? ድምፅ አላሰማሁም።"

"በአፍንጫሽ ጀምረሻል።"

ጥቅምት 16

ሬዲዮው ተከፍቷል። ታንጉት ለዜና አንባቢው እየመለሰችለት ነው።

ፎቶው ወደ ግራ ዘንብሏል፤ በግምት ስድስት ሚሊ ሜትር። ውኃ ልኩ የት መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። አላነሣሁትም።